በጭንቀት ሰዓት የማስታወስ አቅም ለምን ያጥራል? ሕመምተኞችና ቤተሰቦች ሲወስኑ ማወቅ ያለባቸው

የአጭር ጊዜ ትውስታ ማለት አሁን የሰሙትን ወይም ያዩትን ነገር ሥራ ላይ እስኪያውሉት ድረስ ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ የማቆየት ችሎታ ነው። የነገሩዎትን ስልክ ቁጥር እስኪደውሉ፣ የተባሉትን የክፍል ቁጥር በሩ ጋ እስኪደርሱ የሚይዙት በዚህ ችሎታ ነው። በጤነኛ ሰውም ቢሆን አቅሙ ጠባብ ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣና ሲራብ ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። አስቸጋሪው ነገር ከባድ የሕክምና ውሳኔ የሚጠየቁት ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት መሆኑ ነው።

በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ሁኔታ በደንብ ያውቀዋል። ልጅ በትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ወይም ምጥ ሲጠና ጤና ጣቢያ ይደርሳሉ፤ «ደብረ ብርሃን መሄድ አለበት» ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ የተነገራቸው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንደተነገረ ይሆንባቸዋል። ይህ የእርስዎ ስንፍና ወይም አለመማር አይደለም። የሰው አእምሮ የተሠራው እንዲሁ ነው፤ ሐኪም ራሱ ልጁ ሲታመምበት እንደዚሁ ይሆናል።

አእምሮ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይይዛል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 7 ነገር ነው፣ ከሰው ሰው ሁለት ቢጨምር ወይም ሁለት ቢቀንስ ነው ብሎ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኔልሰን ካወን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ማስረጃዎቹን ሰብስቦ ሲመረምር ቁጥሩን ዝቅ አደረገው። ሰውየው በልቡ እየደጋገመ ወይም ነገሮቹን እርስ በርስ እያያያዘ ካልረዳው በስተቀር የሚይዘው ወደ 4 ነገር ብቻ ነው።

«እያያያዘ» የሚለው ቃል ቁልፍ ነው። የሞባይል ቁጥራችን 10 አሃዝ አለው፤ ግን አንድ በአንድ የሚይዘው ሰው የለም። «ዜሮ ዘጠኝ» ይልና የቀረውን ሁለት ሁለት እያደረገ ይጠራዋል። «ዜሮ ዘጠኝ»ን ቀድሞም ስለሚያውቀው አዲስ የሚይዘው አራት ጥንድ ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። «ሄሞግሎቢኑ ወርዷል፤ ፕላትሌቱም ትንሽ ነው፤ ደም ያስፈልገዋል» ሲባሉ ቃላቱን ከሚያውቁት ነገር ጋር ማያያዝ ስለማይችሉ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ቦታ ይይዛል። ሐኪሙ ግን ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያያቸው። ለዚህ ነው ሐኪሙ «ነግሬያቸዋለሁ» ሲል እርስዎ «አልነገረንም» የሚሉት። ሁለቱም እውነት ነው።

የሚቆይበት ጊዜም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ባልና ሚስት የሆኑ ተመራማሪዎች፣ ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን፣ ለተማሪዎች ሦስት ፊደል እየነገሩ ወዲያው ቁጥር ወደ ኋላ በሦስት በሦስት እንዲቆጥሩ አደረጓቸው። በ18 ሰከንድ ውስጥ አብዛኛዎቹ ሦስቱን ፊደላት ረስተው ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ! ያጠፋው ደግሞ በመሐል የገባው ሌላ ሥራ ነው። እርስዎ የመድኃኒቱን አወሳሰድ እየሰሙ ልጁ ቢያለቅስ፣ ስልክ ቢጠራ፣ «ካርዱ የታለ?» ብትባሉ የሚሆነው ይኸው ነው።

ድንጋጤ ምን ያደርጋል?

ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ አፍ ይደርቃል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነገሮችን አመዛዝኖ የሚያዘው የአንጎል የፊት ክፍል በዚህ ጊዜ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ የአጭር ጊዜ ትውስታም የሚመራው በዋናነት ከዚሁ ክፍል ነው። አማርኛችን «ቀልቤን ሳትኩ» የሚለው ይህንኑ ነው። ጆሮ ይሰማል፤ ቀልብ ግን አብሮ የለም።

በዚህ ሁኔታ ትኩረት አስፈሪ በሆነው አንድ ነገር ላይ ይጠብባል። «ኦፕራሲዮን» የሚለውን ቃል የሰማ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ የተባለውን አይሰማም። ከረጅም ንግግር ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይቀራል፤ መሐሉ ይጠፋል። ሮይ ኬሰልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ ሕመምተኞች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱ፣ አስታውሰናል ከሚሉትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ እንደሆነ ጽፏል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል። የረሳ ሰው መርሳቱን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። የተሳሳተውን ትክክል ብሎ የያዘ ሰው ግን አይጠይቅም።

በእኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። «ገባዎት?» ሲባል «እሺ ዶክተር» ማለት የአክብሮት መልስ ነው እንጂ የመረዳት ማስረጃ አይደለም። ደግሞ መጠየቅ ሐኪሙን መዳፈር፣ ወይም ራስን አላዋቂ አድርጎ ማሳየት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። በይፋት አካባቢ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ የሆነ ቤተሰቦችም አሉ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው እየሰማ በልቡ ይተረጉማል፤ ያም ከዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ይቀነሳል። እንዲህ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል የጤና ባለሙያ ካለ እንዲጠራልዎ ይጠይቁ።

«ሪፈር» ሲባሉ

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን በዋሻው አቋርጦ ደብረ ብርሃን መድረስ ከበሽተኛ ጋር ቀላል ጉዞ አይደለም። ከደብረ ሲና ብቻ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱና ጭጋጉ አለ፤ ከቆላ ስስ ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ጣርማ በር ላይ ብርዱን አይችለውም። ቤተሰብ «ሪፈር» ሲባል በአንድ ጊዜ የሚያስበው ይህን ሁሉ ነው፦ ገንዘብ፣ መኪና፣ ማን ይከተል፣ ከብቱን ማን ያያል፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል፣ ማደሪያስ የት ነው? ለሐኪሙ ቃል የሚሆን ቦታ አይቀርም።

በሕክምናው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ታዴውስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው። እናቶች በወሊድ ጊዜ የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ምክንያት ነው ይላል። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው በመንገድ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት የሚፈጠር መዘግየት ነው። መንገዱንና ሆስፒታሉን እርስዎ ብቻዎን ማስተካከል አይችሉም። የመጀመሪያው ግን በከፊል በቤተሰብ እጅ ነው።

ስለዚህ ሪፈር ሲባሉ ሁሉንም ለመያዝ አይሞክሩ። አራት ነገር ብቻ ይጠይቁ። ችግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ምንድን ነው? እዚያ ምን ሊደረግለት ነው? ባንሄድ ምን ይሆናል? ለመወሰን ስንት ጊዜ አለን? ከአራቱ እጅግ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠይቀውም። «አሁኑኑ» የሚባል ችግር አለ፣ «እስከ ማታ» የሚባል አለ፣ «በዚህ ሳምንት» የሚባልም አለ። ጊዜ ካለ ውጭ ወጥተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ከዘመድ ጋር ተመካክረው መመለስ መብትዎ ነው። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ምክክሩ አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ ይቀጥላል፤ በሽተኛው ግን መንገድ ይጀምር።

ሌላው ከባድ ነገር የሰማው ሰው ወሳኙ አለመሆኑ ነው። እናት ሐኪሙን ታዳምጣለች፤ ለባሏ በስልክ ትነግራለች፤ እሱ ለታላቅ ወንድሙ ያስተላልፋል፤ ወንድምየው «ነገ ይሁን» ይላል። ቃሉ በሦስት ሰው ሲያልፍ ሦስት ጊዜ ይቀንሳል፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቀውም አስቸኳይነቱ ነው። ቢቻል ወሳኙ ሰው በስልክ ከሐኪሙ ጋር በቀጥታ ይነጋገር፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ሁሉም ይስማው። ካልሆነ መልእክቱን አሳጥረው ይናገሩ፦ «ጋሼ፣ የልጁ ወባ ከብዷል። እዚህ አይታከምም ብለዋል። ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ካልሄደ ለሕይወቱ ያሰጋል። አምቡላንስ አለ፤ አንድ ሰው ይከተለን።» ከዚያም «እስኪ ያልኩትን ድገሙልኝ» ይበሉ። ታላቅን እንዲህ ማለት ቢከብድም «ኔትወርኩ እየቆረጠ ስለሆነ ተሰምቶኝ እንደሆነ» ብሎ ማለዘብ ይቻላል።

ከመነሳትዎ በፊት የሪፈር ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውንም እንዲሁ። እኒህ ሁለት ወረቀቶች ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ከጠፉ ችግሩ ብዙ ነው፤ በችኮላ ቤት የሚቀሩትም እነሱ ናቸው። ብርድ ልብስ አይርሱ።

መድኃኒት ሲሰጥዎት፦ የወባ ምሳሌ

ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው፤ ወባ አለ። ከደብረ ሲናና ከመንዝ ደጋ ለማሾና ለሽንኩርት ሥራ ወይም ለንግድ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደጋ ቤቱ ከገባ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊያተኩሰው ይችላል። (ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው «ቆላ ወርጄ ነበር» ማለትን ፈጽሞ መርሳት የለበትም። በሐኪሙ ፊት ቁጭ ሲሉ ከሚጠፉ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ እቤትዎ ሳሉ ወረቀት ላይ ይጻፉት።)

ለአንዱ ዓይነት ወባ የሚሰጠው ኮአርተም አወሳሰዱ ለማስታወስ የሚያስቸግር ነው። በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ጠዋትና ማታ ናቸው። ለአዋቂ በየጊዜው 4 ፍሬ ሲሆን በጠቅላላው 24 ነው፤ ለልጅ እንደ ክብደቱ ይቀንሳል። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ይሻላል። ብዙም ሳይቆይ ካስመለሰ ተመልሰው ይጠይቁ። ሲሻለው ማቆም አይቻልም። እስቲ ይቁጠሩ፦ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው በመስኮት በኩል ስንት ነገር ተነገረው? ከአራት በላይ ነው።

እዚህ ላይ የሰዓታችን ጉዳይ ይገባል። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን «በ8 ሰዓት» ብሎ የያዘ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘለትን መድኃኒት ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ተብሎ የተጻፈውንም እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ብለን እናነበዋለን፤ የተፈለገው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰዓት አይቀበሉ፤ የቀኑን ክፍል ይቀበሉ። «ከቁርስ ጋር፣ ከእራት ጋር» ብለው ካርቶኑ ላይ ያስጽፉ። የኮአርተም የመጀመሪያውን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከወሰዱ ሁለተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ቀሪዎቹን አራቱን በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፀሐይና ጨረቃ መሳል ይበቃል። በእኔ አስተያየት ይህ ከረጅም ምክር ይሻላል።

ከዚያ ይህን ይበሉ፦ «እቤት ሄጄ ለባለቤቴ የምነግራት እንዲህ ነው፤ ትክክል ነኝ?» ከዚያም በራስዎ ቃል ይድገሙት። ባለሙያው ስህተት ካለ ያርምዎታል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ደግሞ ሲናገሩት ራሱ አእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሙ ወይም መድኃኒት ቤቱ ሳይጠይቅዎት እርስዎ ያድርጉት።

ለተቅማጥ የሚሰጠው ለምለምም እንዲሁ ነው። የሚያዝ ነገሩ አንድ ነው፦ አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። አንድ ሊትር ስንት ብርጭቆ እንደሆነ በድንጋጤ ሰዓት ከማስላት የአንድ ሊትር የታሸገ ውኃ ባዶ ፕላስቲክ አጥቦ ለዚሁ ማስቀመጥ ይቀላል።

በረጋ ቀን የሚወሰን

በድንጋጤ ሰዓት የሚደረግን ውሳኔ ማቅለያው ዋናው መንገድ በረጋ ቀን መወሰን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለሕክምናም ይሠራል።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ወሩ ሳይገባ በፊት የት እንደምትወልድ፣ ማን እንደሚከተላት፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ፣ ባል ከቤት ርቆ ቢሆን ማን «ትሂድ» እንደሚል ተነጋግሮ ይጨርስ። የመጨረሻው ተጽፎ ባይቀመጥ እንኳ በሽማግሌ ፊት ይነገር። ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያለውን የእናቶች ማቆያ ይጠይቁ። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም የሽርት ውኃ ፈሶ ምጥ አለመምጣት ከታየ ምክክር የለም፤ ያን ቀን ውሳኔው አስቀድሞ የተወሰነ ነው ማለት ነው።

ከበሩ ኋላ ወይም ከቡና ረከቦቱ አጠገብ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። የወረዳችሁ አምቡላንስ ስልክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቁጥር 907፣ በቤት ውስጥ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካለ ስሙና የመድኃኒቱ ስም፣ ዘወትር የሚወሰድ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ እሱም ይጻፍበት። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ግን ይኖራል።

ወረቀት መያዝ ያላዋቂ ምልክት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። «የበሽተኛው ስም ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው?» የመሰሉ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረዱ። ስፔሻሊስቶቹ እውቀቱ ጠፍቷቸው አልነበረም። በሥራ ጫና ውስጥ የሰው ትውስታ ብቻውን አይበቃም።

አስታማሚ ሲሆኑ ደግሞ ራስዎን ያስቡ። ሌሊቱን ያልተኛና እህል ያልቀመሰ አስታማሚ፣ ጾምም ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት የሐኪሞች ጉብኝት ሲመጣ የሚባለውን አይዝም። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ በሽተኛውን ይደግፍ፣ ሌላው ያዳምጥ፤ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ይሁን። ድምፅ መቅረጽ ከፈለጉ ሐኪሙን አስፈቅደው ይቅረጹ።

መርሳት በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

በጭንቀት ጊዜ የተባሉትን መርሳት በሽታ አይደለም፤ ሲረጉና ሲያርፉ ይስተካከላል። ለወራት የቆየ ጭንቀት፣ ሐዘን ወይም እንቅልፍ ማጣት አብሮት ካለ ግን ሐኪም ያማክሩ፤ ሕክምና አለው። አንድ አረጋዊ በሚያውቁት ሰፈር መንገድ ከጠፋባቸው፣ ያንኑ ጥያቄ በየደቂቃው ከደጋገሙ ወይም ገንዘብ መቁጠር ካቃታቸው «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ይመርመሩ።

በሽተኛው በድንገት ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ቤተሰቡን ካላወቀ ወይም የት እንዳለ ካላወቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትኩሳት ላለበትና ቆላ ውሎ ለመጣ ሰው ይህ ወባው ወደ አንጎል መድረሱን ሊያሳይ ይችላል። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ስኳሩ መውረዱ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይስጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡ። ፊት ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከከዳው ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው። በእነዚህ ሁሉ የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ፣ ማታ ነው ብለውም አያሳድሩ፤ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ወዲያው ይውሰዱት።